ፓቹኮው፣ ባለቅኔውና የጭነት መኪናው

በየማታው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ እንጋፋለን። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የኢጣሊያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች መሆኑንም ሰምተናል። ሕዝቧን ግን በመጽሐፍ እንኳ አናውቀውም ማለት ይቻላል።

ማወቅ የፈለገ ተማሪ እጁ መጀመሪያ የሚያርፈው በኦክታቪዮ ፓዝ «የብቸኝነት ጥልፍልፍ» (እ.ኤ.አ. 1950) ላይ ነው። ፓዝ ትልቅ ባለቅኔ ነው፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በከንቱ አይደለም። የሜክሲኮ ሰው ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ ይኖራል፣ በበዓል ቀን ይፈነዳል ሲለን አብረነው እንነጉዳለን። ጠባችን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጋር ነው።

ምዕራፉ ስለ ፓቹኮዎች ነው፤ ይኸውም በሎስ አንጀለስ ስላደጉ፣ ሰፊ ኮትና ቁርጭምጭሚቱ ላይ የጠበበ ሱሪ ስለሚለብሱ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች። ወደ አባቶቻቸው ሥር መመለስ አይፈልጉም፣ አሜሪካዊ መሆንም አይፈልጉም ይላል ፓዝ። እስከዚህ ጥሩ። ቀጥሎ ግን አለባበሳቸው ሆን ብሎ መሳደድን የሚጋብዝ ነው፣ በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ቦታ የሚያገኙት ተበዳይ ሲሆኑ ነው ይለናል። እንዴ! እ.ኤ.አ. በጁን 1943 እነዚህን ልጆች በሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች እያሳደዱ የደበደቡትና ልብሳቸውን የገፈፉት የአሜሪካ መርከበኞችና ወታደሮች ነበሩ። ፖሊስም በብዛት ያሰረው ተደብዳቢዎቹን ነው። ዱላው ከመርከበኛው መጥቶ ሳለ ምክንያቱን ከልጁ ነፍስ ውስጥ መፈለግ ምን የሚሉት ትንተና ነው? ደግሞስ በምዕራፉ ውስጥ የአንድ ፓቹኮ ድምፅ እንኳ ይሰማል? አይሰማም።

እዚያ ከሚኖሩት የሜክሲኮ ተወላጆች አንዳንዶቹ እኮ ስደተኛም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1848 በጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ሜክሲኮ ከግዛቷ ግማሽ ያህሉን ስታጣ አያቶቻቸው እዚያው ቤታቸው ነበሩ። እነሱ ሳይነሡ አገራቸው ተነሣባቸው።

እስቲ ሌላ መጽሐፍ እናንሣ። ቶማስ ሪቬራ የቴክሳስ ልጅ ነው። ወላጆቹ ሰብል እየተከተሉ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዘዋወሩ ሠራተኞች ነበሩ፤ እሱም አብሯቸው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣት ትንሽ መጽሐፍ ርዕሷ ባማርኛ «ምድርም አልዋጠችውም» እንደማለት ነው። አባቱና ታናሽ ወንድሙ በፀሐይ ተመትተው ሲወድቁ ልጁ እግዚአብሔርን ይራገማል። አሁን ምድር ተከፍታ ትውጠኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ ምንም። እንዲያውም መሬቱ ከእግሩ ሥር ከወትሮው ይበልጥ ጠንክሮ ይሰማዋል።

ከሁሉ የበለጠብን «ስንደርስ» የሚለው ክፍል ነው። ሠራተኞቹን ወደ ሰሜን የጫነው መኪና ሌሊት መንገድ ላይ ይበላሻል። ሰው በሰው ላይ ቆሟል። ተራኪው ዞር ይልና በጨለማው ውስጥ እያንዳንዱ በሆዱ የሚያስበውን እንሰማለን። አንዱ ስንደርስ ለሚስቴ ደህና አልጋ እፈልግላታለሁ ይላል፣ ሌላው የራሱን መኪና ያልማል፣ አንዱ ደግሞ ከዋክብቱን ያያል። መጨረሻ ላይ አንዱ ይመረዋል፤ መድረስና መነሣት አንድ ሆኖበታል፣ እውነቱን ከተነጋገርን ደርሰንም አናውቅ ይላል። ፓዝ በስንት ምዕራፍ የተነተነው ብቸኝነት እዚህ ስሙ እንኳ አይጠራም። ተጣብቀው ቆመው ለየብቻ ሲያስቡ ነው የምናየው። ቋንቋውም የትምህርት ቤት ስፓኒሽ ሳይሆን የቴክሳስ ገበሬ ሠራተኛ የሚናገረው ነው፤ በእንግሊዝኛ ትርጉም ለምናነብ ይኸ ጣዕም መቅረቱ ያሳዝናል።

ሪቬራን ስናወድስ ጉድለቱን አንሸፍንለትም። አንዳንዱ ክፍል ገና ሲጀመር ያልቃል። ሴቶቹም፣ በኮሪያ ጦር ሜዳ ስላለ ልጇ የምትጸልየዋን ጨምሮ፣ ከእናትነት ብዙም አያልፉም። በዚህ ረገድ ከፓዝም አይሻል፤ ፓዝ የኮርቴስን አስተርጓሚ ማሊንቼን የተደፈረች እናት አድርጎ ሜክሲኮን ሁሉ የእሷ ልጅ ይለዋል፣ እሷን ግን ምን ታስቢያለሽ ብሎ አይጠይቃትም። ያን ክስ ገልብጣ ተከዳሁ እንጂ አልከዳሁም ለማለት የደፈረችው የቴክሳሷ ግሎሪያ አንሳልዱዋ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1987፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ በስፓኒሽ በተጻፈ መጽሐፍ።