የዝንጀሮ ጠባይና የፆታ ድርሻ

ሶሊ ዙከርማን እ.ኤ.አ. በ1932 ስለ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች ማኅበራዊ ኑሮ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የወንድ ገዥነትና የሴት ተገዥነት የተፈጥሮ ሕግ ነው ለሚሉ ወገኖች ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ዋና ምንጭ ሊመረመር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1925 በለንደን መካነ አራዊት በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡት 100 ያህል ሐማድሪያስ ዝንጀሮዎች ከጥቂቶቹ በቀር ወንዶች ነበሩ፤ በ1927 ከተጨመሩት 30 ሴቶችም አብዛኞቹ በወንዶቹ ሽሚያ አለቁ። ይህ የእስር ኑሮ እንጂ የዱር ኑሮ አይደለም።

ሃንስ ኩመር ከ1960 ጀምሮ ይህንኑ ዝንጀሮ በምሥራቅ ኢትዮጵያ በረሃ ሲያጠኑ፣ ወንዱ ሴቶቹን አንገታቸውን እየነከሰ ቢያግድም፣ አንዱ የሌላውን ሴት ከመንጠቅ በአመዛኙ እንደሚቆጠብ ተገነዘቡ። በስሜን ተራሮች በሚኖረው ጭላዳ ዘንድ ደግሞ የቤተሰቡ ምሰሶ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱት ሴቶች ናቸው፤ ወንዱ መጤና ተለዋጭ ነው።

እንግዲህ በአንድ አገር የሚኖሩት ሁለቱ እንኳ አንድ ሕግ ካልሰጡ፣ ለሰው ልጅ ሕጉ ከየትኛው ይቀዳል? ልጃገረድ በሳይንስ ትምህርት ወደ ኋላ ስትቀር «ተፈጥሮዋ ነው» የሚል መምህር ሳይንስ ያላረጋገጠውን ያስተምራል። በባዮሎጂ ክፍል የእንስሳት ጠባይ ሲነሣ፣ ጠባዩ የትና በምን ሁኔታ እንደታየ አስቀድሞ ይጠየቅ።