ከሐምሌ እስከ ጥር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት በአቃቂ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የተለመደ እንቅስቃሴ ይጀመራል። ለዕረፍት ወደየቤታቸው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየወረዳው ይመዘገባሉ፤ በትምህርት ቤቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት በማደስ ሥራ ይሳተፋሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፤ ደም ይለግሳሉ። ክረምቱ ሲያበቃም ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ስንት ወጣት እንደ ተሳተፈ፣ ስንት ሕፃን እንደ ተማረ፣ ስንት ቤት እንደ ታደሰ፣ የፈሰሰው ጉልበት በገንዘብ ሲተመን ስንት ብር እንደሚያወጣ ይዘረዝራል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ግን አንድ ጥያቄ አይገኝም። ይኸውም፣ በሐምሌ ከተሠራው ሥራ በጥር ወር በቦታው ሊገኝ የሚችለው ምን ያህሉ ነው የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የወጣቶቹን ቅን ልቦና መንቀፍ አይደለም። ዝናብና ጭቃ ሳይበግረው የሰው ልጅ ለማስተማር ማለዳ የሚነሣን ወጣት መንቀፍ የሚቻለው ሰው ማን ነው? የሚነቀፈው አገልግሎቱ የሚታቀድበትና የሚመዘንበት መንገድ ነው። ዕቅዱ ከአገልጋዩ የጊዜ ሰሌዳ ይነሣል፤ መለኪያውም አገልጋዩ የሰጠው እንጂ የተገልጋዩ ሰፈር ያስቀረው አይደለም። በዚህ መካከል ዓመቱን ሙሉ በቦታው የሚኖረው ሰው፣ ማለትም የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር፣ ተዘንግቷል። ክርክሬ በዚህች ነጥብ ላይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አቃቂ እንደ ማንኛውም የከተማ ዳርቻ የሚታይ ሰፈር አይደለም። የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር ከአዲስ አበባ ሲወጣ ከሚያገኛቸው የመጀመሪያ ጣቢያዎች አንዱ ነበር፤ በኋላም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና ሌሎችም ፋብሪካዎች ተተክለውበት የወዛደር መንደር ሆነ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የመዲናይቱን ፍሳሽ ተሸክመው በዚሁ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸውም በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ከመሬቱ ሥር የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከፍ ያለውን ድርሻ ይይዛል። ባለፉት ዓመታት በቱሉ ዲምቱና በአካባቢው የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሀል ከተማ ብዙ ሕዝብ አምጥተዋል። ነባሩ ነዋሪ በዕድሩና በማኅበሩ ሲተዋወቅ፣ አዲሱ ነዋሪ ከጎረቤቱ ጋር ገና ስም መጠያየቅ ላይ ነው። በፈረቃ የምትሠራ እናት ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ለሚጠራው የወላጆች ስብሰባ ልትደርስ አትችልም። እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሰፈር የሚዘጋጅ ፕሮጀክት ከፈረቃው፣ ከወንዙና ከዕድሩ ጋር ካልተናበበ፣ ለየትኛውም ሰፈር የተዘጋጀ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህም ለአቃቂ አልተዘጋጀም።

የተማሪዎች አገልግሎት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነበር። ያ አገልግሎት በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ባለመሆኑ ያጉረመረመበት ተማሪ ጥቂት አልነበረም፤ ሆኖም አንድ ትልቅ ብልጫ ነበረው። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ነበር። ከመምህራኑ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ የፈተና ወረቀት ያርማል፤ በርእሰ መምህሩ ይገሠጻል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ ሲተካው ትምህርት ቤቱ የቀደመውን ያውቀው ነበር።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዚህ የተለየ ነበር። ስልሳ ሺህ ያህል የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን እንዲዘምቱ ታቅዶ፣ የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ቆመ። የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ዘማቾቹ ገበሬውን በማኅበር የማደራጀት ሥራ ውስጥ ገቡ፤ በየቦታውም ከአስተዳደር አካላት ጋር ተጋጩ፤ ጣቢያቸውን ጥለው የተመለሱም ነበሩ። የዘመቻው ታሪክ በሌሎች ተጽፏልና እዚህ አልዘረዝረውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ዘማቹ ለገበሬው ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ወይም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። በዛሬው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ውስጥ መፈክሩ ባይኖርም ይህ ጠባይ ጨርሶ አልጠፋም።

ሰፋ ያለ ምርመራ የሚሻው ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ይህ ዘመቻ ከከተሞች ተነሥቶ ወደ ገጠር ተስፋፋ፤ በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ በኋላ ወደ አሥራ አምስት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጠው። በፋብሪካ አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሰዎች ፊርማቸውን በጣት አሻራ ፋንታ በብዕር ማኖር የቻሉት በዚያ ጊዜ ነው፤ ይህን ማቃለል ግፍ ይሆናል። ዘመቻው ከቀደሙት ይልቅ አንድ ብልህ ነገር አሰበ፤ ይኸውም የማንበብ ችሎታ እንዳይጠፋ ድኅረ መሠረተ ትምህርት የሚባል ተከታይ ደረጃና የንባብ ቤት አቋቋመ። ይሁን እንጂ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ60 በመቶ በላይ ደርሷል ተብሎ የተነገረለት የማንበብና የመጻፍ ምጣኔ፣ በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ ከአንድ አራተኛ በታች ሆኖ ተገኘ። መለኪያዎቹ አንድ ዓይነት ስላልነበሩ ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማነጻጸር አይገባም። ቢሆንም ልዩነቱ በመለኪያ ብቻ ሊታለፍ የማይችል ሰፊ ነው። የምስክር ወረቀት መስጠትና የሚያነብ ሰው ማስቀረት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው በዘመቻ ሊያልቅ ይችላል፤ ሁለተኛው አያልቅም።

አሁን ወደ አቃቂ ክረምት እንመለስ። ከተማሪዎቹ ሥራዎች ሁሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢያን የሚቀርበው የማጠናከሪያ ትምህርቱ ነው። አስፈላጊነቱ አያከራክርም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ ዘጠኝ መቶ ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለው ውድቀት የሚጀምረው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አይደለም፤ ሕፃኑ አጥርቶ ማንበብ ሳይችል ወደ ሦስተኛና ወደ አራተኛ ክፍል ሲዛወር ነው። የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ወጣት ግን በአብዛኛው የሚመርጠው ሒሳብን፣ ፊዚክስንና እንግሊዝኛን ነው፤ እነዚህን ያውቃቸዋልና። ማንበብ ላልቻለ የአሥር ዓመት ልጅ ፊደል እንደ ገና ማስተማር ግን የሙያ ሥልጠና ይጠይቃል። የምህንድስና ተማሪ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም፤ የሚያውቀው ሰው ሌላ ነው።

ያ ሰው በክረምት የት ነው? እዚህ ላይ ነገሩ ሊያስቅም ሊያሳዝንም ይችላል። የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን ብዙዎቹ ክረምቱን የሚያሳልፉት በክረምት መርሐ ግብር ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ነው። መምህሩ በተማሪው ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ተማሪው የመምህሩን ጠመኔ ያነሣል። ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ እንጂ አይገናኙም። መስከረም ሲጠባ ተማሪው ይሄዳል፤ መምህሩ ይመለሳል። የትኛው ልጅ የት ላይ እንደ ተደናቀፈ፣ የትኛው እንደ ተሻለው ተማሪው ሁለት ወር ሙሉ ያየውን ለመምህሩ የሚነግርበት አንዲት ገጽ ወረቀት እንኳ የለችም። ለወረዳው የተላከው ሪፖርት ቁጥር እንጂ የልጅ ስም አይዝም።

ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአካባቢው ወደሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በኅዳር ወር ሄዶ ነበር። በግቢው ጥግ ግድግዳው በደማቅ ቀለም የተቀባ፣ በበሩ ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል የተጻፈበት ክፍል አየ። በተማሪዎች ተነሣሽነት የተሠራ፣ መጻሕፍቱም በእነሱ ልመና የተሰበሰቡ መሆናቸው ተነገረው። በሩ ተቆልፎ ነበር። በዕድሜ የገፉት የግቢው ጥበቃ «እነሱ በክረምት ሲመጡ ይከፍቱታል፣ ጌታዬ» አሉት፤ ቁልፉ የቡድኑ መሪ ከሆነው ወጣት ጋር ወደሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሄዷል። በመስኮቱ በኩል መጻሕፍቱ ይታያሉ፤ ከሞላ ጎደል የእንግሊዝኛ ናቸው። ቁልፉን ይዞ የሄደው ወጣት ሌባ አይደለም፤ አደራ ጠባቂ ነው። ለማን ማስረከብ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም።

የቤት ዕድሳቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በመላው ሀገሪቱ ተስፋፍቷል፤ ጣራዋ የሚያፈስባት አሮጊት ከክረምቱ ውርጅብኝ ስትድን ያየ ሰው ሊቃወመው አይችልም። ይሁን እንጂ ለሥራው አናጺና ግንበኛ ከተማሪ የተሻሉ ናቸው። ተማሪው በሙያው ሊሰጥ የሚችለው ሌላ ነገር ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። የኬሚካልና የአካባቢ ምህንድስና የሚማር ወጣት ጭቃ ከሚያቦካ ይልቅ፣ ከሰፈሩ ልጆችና ከሳይንስ መምህራቸው ጋር የወንዙን ውሃ በየወሩ እየቀዳ ቢመረምር፣ ሰፈሩም ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም የሚጠቀሙበት መዝገብ ይኖር ነበር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር የተቋማቱ ተግባር አድርጎ ደንግጓል። ሦስቱ በአንድ ሥራ ሊገናኙ የሚችሉት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ይህ ሕልም እንዳልሆነ የጅማ ልምድ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው፣ ገና ከመነሻው ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሑ አደረገ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ በመምህራን እየተመሩ ወደ ማኅበረሰቡ ይሠማራሉ፤ መጀመሪያ አካባቢውን ያጠናሉ፤ ችግሩን ከነዋሪው ጋር ይለያሉ፤ ቀጥሎ ዕቅድ ያወጣሉ፤ በኋላ ተግባር ላይ ያውላሉ። ሥራው የትምህርታቸው አካል ስለሆነ ይመዘኑበታል። ይህም ቢሆን እንከን የለውም ማለት አይደለም፤ በየጊዜው በመጠይቅ የተሰላቸ ነዋሪ እንደሚኖር መገመት ይቻላል። ዋናው ቁም ነገር ግን ማጥናት ከመስጠት በፊት መምጣቱ ነው።

አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። አገልግሎቱ የበጎ ፈቃድ ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል መጠየቅ ፈቃዱን ወደ ግዳጅ መለወጥ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ክብደት አለው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ለታክሲና ለምሳ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? በሌላ ከተማ የሚማረውም በጥር ወደ አቃቂ ሊመላለስ አይችልም። ነገር ግን እኔ የምለው ተማሪው እንዲቀጥል ሳይሆን ሥራው እንዲቀጥል ነው፤ ለዚህም ባለቤቱ መምህሩ ሊሆን ይገባል። የክረምቱ ዕቅድ በሰኔ፣ መምህራኑ ለክረምት ትምህርት ከመሄዳቸው በፊት፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይዘጋጅ። የሚረዱትን ልጆች ስምና ችግር መምህሩ ለተማሪው ያስረክብ፤ ተማሪውም በነሐሴ መጨረሻ ያንኑ መዝገብ ያየውን ጽፎበት ይመልስ። ዕድሮች ሰፈሩን ስለሚያውቁ በዕቅዱ ላይ ይጠየቁ፤ በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆችም በሚመቻቸው ሰዓት። ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ፣ ቤተ መጻሕፍትም ቢሆን፣ በርእሰ መምህሩ ስም በንብረት መዝገብ ላይ ይግባ። ለዚህ ተጨማሪ ሥራ መምህሩ በየሳምንቱ ከሚያስተምረው ክፍለ ጊዜ ጥቂት ቢቀነስለት ተገቢ ነው፤ ያለ ክፍያ የሚጨመር ሸክም ሁሉ በመጨረሻ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ነውና።

የክፍለ ከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ይህን በሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ እንዲጀምር አልጠይቅም። በሁለት ወይም በሦስት ትምህርት ቤቶች፣ ቢቻል አንዱ በነባሩ የፋብሪካ ሰፈር፣ ሌላው በጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ቢሞከር ይበቃል። የጳጉሜኑ ሪፖርት እንደ ልማዱ ይጻፍ። ሁለተኛው ሪፖርት ግን በጥር፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ከታረመ በኋላ፣ በመምህሩ እጅ ይጻፍ፤ በክረምት ስማቸው በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ልጆች አንድ በአንድ ተጠርተው እንዲያነቡ ተደርጎ።