ታንኳው ይበሰብሳል፤ ደንገሉስ?

ታንኳ የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን ቀድመን የሰማነው ከወንጌል ነው፤ ደቀ መዛሙርቱን ማዕበል ያስጨነቃቸው ታንኳ ላይ ሳሉ ነው። የጣናው ታንኳ ከዚያኛው ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። ሳንቃም ሚስማርም አያውቅም፤ ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ነው።

ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ሠሪው ነዶውን በጉልበቱ ተጭኖ ማሰሪያውን በሁለት እጁ ሲስብ ላየ ሰው፣ የሙያው ምስጢር ያለው እዚያ ጉልበት ላይ ነው። ከላላ ቶሎ ውኃ ይጠጣል። ቢጠብቅም መጠጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከሐይቅ ሲመለሱ ዳር ላይ አቁመው ያንጠፈጥፉታል። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም። ሌላ ይታሰራል።

ስለ ጣናው ታንኳ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የደንገል ጀልባ ከሚታይበት የፈርዖኖች መቃብር ሥዕል ነው። አድናቆት ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሽሽት ነው። ዓይናችን ባሕር ዳር ቆሞ ያለውን ሠሪ ዘሎ ግብፅ ያርፋል። የጣና ሠሪ የተዘለለው በጽሑፍ ብቻም አይደለም፤ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» በተባለች የደንገል መርከብ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲሞክር ደንገሉ የሄደው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹ የመጡት ደግሞ ከቻድ ሐይቅ። መርከቧ ሳትደርስ ፈረሰች። በዓመቱ «ራ 2»ን ያሰሩት ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ነበሩ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ለምርጫው የራሱ ምክንያት ነበረው። ነገር ግን በዓለም ዘንድ በሰፊው በተወራው የደንገል መርከብ ታሪክ ውስጥ የጣና ድርሻ ሣር ማዋጣት ሆኖ ቀረ።

እኛስ ከዚያ የተሻለ አድርገናል? በዚህ ሙያ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ስለነበር ጎረቤት ሲጸየፋቸው ኖሯል፤ የቀድሞ ቋንቋቸውም ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛውን «ቡዳ» ሲል የኖረ አገር፣ ሸማውን ለብሶ ማረሻውን እንደጨበጠ ሁሉ፣ ታንኳውንም ፎቶ አንሥቶ ሠሪውን ይንቃል። የቅርስ ጽሑፎቻችን ይህን ጉዳይ በአንድ መስመር ማለፋቸው ትልቁ ጉድለታቸው ነው።

ታንኳን ሙዚየም ማስገባት ይቻላል፤ እዚያ የሚገኘው ግን የደረቀ ነዶ ነው። ሙያው የሚኖረው ልጅ አባቱ አጠገብ ተንበርክኮ ማሰሪያውን ሲያቀብል፣ አልፎ አልፎም ሲሳሳት ነው። ለዚህ ደግሞ ደንገል ያስፈልጋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል፤ ዳርቻው ግን ለእርሻና ለግንባታ እየተጠረገ ነው፣ የእምቦጭ አረምም ተጨምሮበታል። ደንገሉ በራቀ ቁጥር ሠሪውም ይርቃል።

ታንኳን በቅርስነት ለማስጠበቅ የሚቆረቆር ሁሉ፣ ጥናቱን ከመጻፉ በፊት ደንገል የሚታጨድበት ዳርቻ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ።