ወዚሩ ተነሥቶ ንግሥቲቱ ስትቀመጥ

ኮምፒውተር ፊት ያደግኩ ሰው ነኝና «ሰንጠረዥ» ሲባል ቶሎ የሚመጣልኝ ኤክሴል ነው። ቃሉ ግን የጨዋታም ስም ነው፤ ፋርሶችና ሕንዶች «ሻትራንጅ» ከሚሉት ጋር አንድ ሥር ያለው፣ የዛሬው ቼዝ የሥጋ ዘመድ። በእኛ ነገሥታትና መኳንንት ግቢ ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ ከንጉሡ ጎን ንግሥት የለችም። እዚያ የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ አማካሪው፣ በሰያፍ አንድ እርምጃ ብቻ የሚራመደው። ሕንዶቹ ያንኑ ጠጠር «ወዚር» ይሉታል።

ይህች ትንሽ ዕውቀት ምን ያህል እንደምትጠቅም የገባኝ የሳትያጂት ሬይን «ሻትራንጅ ኬ ኪላሪ» ለሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው። «የቼዝ ተጫዋቾቹ» ማለት ነው። ፊልሙ የወጣው በ1977 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተነሣው ከፕሬምቻንድ አጭር ልብ ወለድ ነው። ጊዜው 1856፣ ቦታው ላክናው፣ በሰሜን ሕንድ የአዋድ መንግሥት ዋና ከተማ። ሚርዛና ሚር የሚባሉ ሁለት መኳንንት ከጠዋት እስከ ማታ ቼዝ ላይ ተደፍተዋል። የሚርዛ ሚስት ተናዳ ጠጠሮቹን ስትደብቅባቸው በቲማቲምና በሎሚ ይጫወታሉ! እነሱ እንዲህ ሲሆኑ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የንጉሣቸውን የዋጂድ አሊ ሻህን ዙፋን ለመውሰድ ወረቀት እያዘጋጀ ነው። ንጉሡ ደግሞ ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ያወጣል፣ ጭፈራ ያያል።

አብሮኝ ያየው ጓደኛዬ ፊልሙ እንዳለቀ ፍርዱን ሰጠ፦ «እንዲህ ዓይነቱ ሰውዬ ዙፋኑን ቢቀማ ምን ይገርማል?» መልስ አጣሁ። ፊልሙ ራሱ ለዚህ ፍርድ በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በወጣበት ሰሞንም አንዳንድ የሕንድ ጸሐፊዎች «ንጉሡን አልፈስፍሰህ ሳልከው» ብለው ሬይን ከሰውታል፤ እሱም በጽሑፍ ተከላክሏል። እኔ ግን ክርክሩ ሁሉ አንድ ነገር የዘለለ ይመስለኛል። ሰውየው «ንጉሥ» የተባለው እንዴት ነው?

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1722 ሳአዳት ካን የተባለ ከፋርስ የመጣ ሹም በዴልሂው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት የአዋድ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ማዕረጉ «ናዋብ» ነው። የሕርጊጎን ናይቦች ታሪክ ያነበበ ሰው የቃሉን ሥር ያውቀዋል፤ እንደራሴ ማለት ነው። በ1748 የእሱ ተተኪ ሳፍዳር ጃንግ የንጉሠ ነገሥቱ ወዚር ሆነ። ከዚያ በኋላ የአዋድ ገዥዎች «ናዋብ ወዚር» እየተባሉ ዘለቁ። አገሩን በተግባር የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ናቸው፤ በስም ግን የሌላ ሰው አማካሪ። ልክ እንደ ጠጠሩ።

ከዚያ ኩባንያው መጣ። በ1764 ቡክሳር ላይ የአዋዱን ናዋብ ሹጃ ኡድ ዳውላን ድል አደረገ፤ በዓመቱ በተፈረመው ውል 5 ሚሊዮን ሩፒ የጦር ካሣ ጫነበት። በ1801 ደግሞ ግማሽ የሚሆነውን ግዛት ተረከበ። እንግዲህ ጡንቻው ካለቀ፣ መሬቱ ከተገመሰ በኋላ፣ በ1819፣ የኩባንያው ገዥ ጄኔራል ሄስቲንግስ ለናዋቡ ለጋዚ ኡድ ዲን ሃይደር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ለምን ንጉሥ አትባልም? ሰውየውም ዘውድ ጫነ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ሬይ ብዙም አልቆየበትምና። ኩባንያው ማዕረግ ያደለው አዋድን ከዴልሂ ለመነጠል ነበር። ወዚር ቢያንስ በወግ ከበላዩ ንጉሠ ነገሥት አለው፤ ተነካሁ ብሎ የሚጮኽበት ደጅ አለው። ንጉሥ ከበላዩ ማንም የለም። ያው፣ ከኋላውም ማንም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዋድ ያለ ኩባንያው ዘመድ አልነበረውም። ዋጂድ አሊ ሻህ በ1847 ሲነግሥ የወረሰው ይህንን ነው፤ የሚያብረቀርቅ ስም፣ ጠባብ ሥልጣን፣ በየጉዳዩ እጁን የሚያስገባ የእንግሊዝ ተጠሪ። ለጓደኛዬ የምለው፣ ግጥሙና ጭፈራው ብቻ አይደለም መንግሥቱን የበላው። መንግሥቱ ከተበላ በኋላ የተረፈለት ሥራ ግጥምና ጭፈራ ነበር። ገበሬው ተመችቶት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግብር ሰብሳቢው ያስጨንቀው ነበር። ግን ዳኛውና ከሳሹ አንድ ሰው ሲሆኑ «ይገባዋል» ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ሬይ ይህን በቃል ሳይሆን በዕቃ ነው የሚያሳየው። ፊልሙ መግቢያ ላይ ስለ ዘውዱ ይነግረናል፤ በ1851 ለንደን ለተከፈተው ታላቅ ኤግዚቢሽን ተልኮ ነበር። ገዥ ጄኔራሉ ዳልሁዚ ዘውዱን የላከው ሰው ጭንቅላቱንም ጨምሮ ቢልከው ይሻል ነበር የሚል ስላቅ በደብዳቤ ጽፏል። ወዲያው በሥዕል አኒሜሽን ዳልሁዚ የሕንድን መንግሥታት እንደ ቼሪ ፍሬ አንድ በአንድ ሲውጥ እናያለን። የሚያስቅ ነው፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ከዚያ ደግሞ መጨረሻው አካባቢ ያለው ትዕይንት አለ። ጄኔራል አውትራም (ሪቻርድ አተንቦሮ) ውሉን ይዞ ይመጣል፦ ፈርም፣ በዓመት 12 መቶ ሺህ ሩፒ ጡረታ ታገኛለህ። ንጉሡን የሚጫወተው አምጃድ ካን ነው። «ሾሌይ»ን ያየ ሰው ያንን አስፈሪ ሽፍታ ጋባርን አይረሳውም። እዚህ ያው ግዙፍ ሰውነት፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ ውኃ ያቀረረ። ዘውዱን አውልቆ ለአውትራም ይዘረጋለታል። ፊርማውን ግን አይሰጥም። ይህ በእውነትም የሆነ ነው፤ በየካቲት 1856 ዋጂድ አሊ ሻህ የራሱን ጥምጥም አውልቆ አውትራም እጅ ላይ አኑሯል፤ አልፈርምም ብሏል። ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚህ ነው። ዘውዱን የሰጠው ኩባንያው ነበር፤ ዕቃው ለባለቤቱ ተመለሰ። ፊርማ ግን የራስ ነው።

ሁለቱ ተጫዋቾችስ? በፕሬምቻንድ ታሪክ በቼዝ ተጣልተው በሰይፍ ይገዳደላሉ። ሬይ አልገደላቸውም። ሚር ሽጉጥ ይተኩሳል፣ ጥይቱ ሚርዛን ይስተዋል፣ የእንግሊዝ ጦር በአጠገባቸው ያልፋል፣ እነሱም ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ አሁን ግን በእንግሊዝ ሕግ። ቀደም ሲል አንድ ጸሐፊ አስረድቷቸው ነበር፦ እንግሊዞች ወዚሩን ንግሥት ነው የሚሉት፣ ጨዋታውም ይፈጥናል። እናም ወዚሩ ይነሣል፣ ቪክቶሪያ ትገባለች። ከደራሲው መጨረሻ የሬይን እመርጣለሁ። የሞተ ሰው አያፍርም፤ እነዚህ ሁለቱ ግን እፍረታቸውን ይዘው ይመሻል። በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠር የሚያንቀሳቅሱበት ጊዜ አለ፤ ስሙ ወረራ ነው። አዋድ ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ ወረራ ላይ የነበረው ኩባንያው ብቻ።

ቅሬታዬ ሴቶቹ ላይ ነው። የንጉሡ እናት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አውትራምን ስትሞግት ፊልሙ ድንገት ነፍስ ይዘራል። ጡረታ አንፈልግም፣ ፍትሕ ነው የምንፈልገው፤ አገልጋዮቿ ካልሰጡን ወደ ንግሥታችሁ እንሄዳለን ትላለች። ከዚያ መጋረጃው ይዘጋል። በእውነት ግን ሄዳለች! ማሊካ ኪሽዋር ባሕር አቋርጣ ለንደን ድረስ ደረሰች። አልሆነላትም። በ1858 ፓሪስ ላይ ሞታ ፔር ላሼዝ መቃብር ተቀበረች። ልጇ ካልካታ አጠገብ በግዞት እስከ 1887 ኖረ።

አብራው ካልካታ ያልሄደችው ሚስቱ ሃዝራት ማሃል ደግሞ ላክናው ቀርታ በ1857ቱ አመጽ ግንባር ቆመች። ትንሹን ልጇን ቢርጂስ ቃድርን ዙፋን ላይ ያስቀመጡት የዴልሂውን ንጉሠ ነገሥት የበላይነት ተቀብለው ነው። የ1819ኙን ስጦታ ወደ ጎን አድርገው ወደ ቀድሞው ወግ ተመለሱ። ኩባንያው ላክናውን መልሶ ሲይዝ ለእሷም ጡረታ ተነገረ፤ እምቢ ብላ ኔፓል ገባች፣ እዚያው ሞተች።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ በድምፅ መልእክት ላክሁለት፤ ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ሰዓታት ቆይቶ አንድ መስመር መለሰ።

«ታዲያ ክፍል ሁለትን ማን ይሥራው?»