የገመድ መሰኪያ ያለው ራውተር

ኮምፒውተሩን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ያዞረ ሰው ቢታ ገነት ከተማ ውስጥ የቤት ኢንተርኔት ለማስገባት ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከሊኑክስ ጋር የሚስማማው የማን ነው?» ብሎ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በነበረበት ዘመን ጥያቄው መልስ አልነበረውም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን በአገር ደረጃ ምርጫ መጥቷልና ብዙ ይነሳል። ለእኔ ዛሬም ቦታውን የሳተ ጥያቄ ነው። የቴሌኮም ማማ እቤት ያለው ላፕቶፕ በምን እንደሚሠራ ግድ የለውም፤ የሚነጋገረው ሲም ካርዱ ከገባበት ሳጥን ጋር ነው። ስለዚህ ሊኑክስ ተጠቃሚ አጥብቆ መመርመር ያለበት ሳጥኑን ነው፤ ከሁሉም በላይ ጀርባው ላይ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ መኖሩን።

ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሹ ሞደም ርካሽና ለመያዝ ቀላል ስለሆነ ያማልላል። ብዙዎቹ ሲሰኩ ግን መጀመሪያ የሚታዩት እንደ ሲዲ ነው፤ በውስጡ ያለውም የዊንዶውስ መጫኛ ነው። ሊኑክስ ላይ ወደ ሞደምነት የሚመልሳቸው ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ነው። «ታዲያ እሱን መጫን ነዋ!» ይባላል። ኮምፒውተሩ ላይ ቀድሞ ከሌለ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ደግሞ ያው ገና ያልሠራው ሞደም ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ግን ይህን ጣጣ በራሱ ውስጥ ጨርሶ ኢንተርኔቱን በገመድ ያቀብላል። ዋይፋይ አለ ብሎ ገመዱን መናቅም አይገባም፤ የብሮድኮም ዋይፋይ ያላቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ድራይቨሩ ለብቻው ካልወረደ ዋይፋያቸው አይሠራም።

የአንድሮይድ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ማጋራት ይበቃል የሚሉም አሉ። ለመጀመሪያው ቀን እውነታቸውን ነው፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት ይቀበለዋል። ችግሩ የስልኩ ባለቤት ከቤት ሲወጣ ኢንተርኔቱም አብሮት መውጣቱ ነው። ጠንካራው ተቃውሞ የመብራት ነው፦ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይሠራል፣ ራውተሩ ግን ይጠፋል። እዚህ ላይ የቻርጀሩን ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል። ብዙ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ቮልቱና የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቀማመጡ ከተጻፈው ጋር የሚገጥም፣ አምፔሩም የማያንስ የራውተር ባትሪ ችግሩን ይፈታል።

ከሳጥኑ ቀጥሎ የሚታየው ጥቅሉ ነው። በጊጋባይት የተገደበ ጥቅል የሚገዛ ሰው ኡቡንቱ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ስናፕ የተባለው የፕሮግራም መጫኛ በራሱ ጊዜ፣ ያውም በነባሪው በቀን 4 ጊዜ፣ ማሻሻያ እንደሚፈልግ ይወቅ። ለረጅም ጊዜ የሚደገፈውን እትም መያዝም ይሻላል፤ 5 ዓመት ማሻሻያ ስለሚያገኝ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ማውረድ አያስፈልግም።

ኩባንያውን ለመምረጥ ማስታወቂያ አትዩ። የሁለቱን ኩባንያዎች ሲም ያለው ጎረቤት ስልኩን እንዲያውሳችሁ ጠይቁና ኮምፒውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ሰው ሁሉ ኢንተርኔት በሚጠቀምበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በየተራ አንድ ትልቅ ፋይል አውርዱበት። እዚያ ክፍል፣ በዚያ ሰዓት የተሻለ ያወረደውን ግዙ።