ውዳሴ ለስመ ተክለ ሃይማኖት

የቅድስና ማኅተም፣ የመንግሥት ጌጥ፣ የክህነት ሞገስ የሆንህ ክቡር ስም ሆይ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ስግደትና ውዳሴ ይገባሃል! የሃይማኖት ተክል ነህ፤ ሥርህ በእምነት የጸና፣ ጥላህ በትውልድ ላይ የሰፋ፣ ፍሬህ ለምእመናን ሲሳየ ነፍስ የሆነ።

ታላላቆችህ ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውህ አልወጡም፤ በተመረጡባት ዕለት ለበሱህ፣ በተቀቡባት ሰዓት ተቀዳጁህ እንጂ።

ከጸጋ ዘአብ አብራክ፣ ከእግዚእ ኀረያ ማኅፀን በቡልጋ ምድር የበቀሉት ጻድቅ አስቀድሞ ፍሥሓ ጽዮን ይባሉ ነበር፤ ገድላቸው እንደሚመሰክረው፣ አንተን ከሰማይ በመጣ ቃል ተቀበሉ። ሐዲስ ሐዋርያ፣ የመነኮሳት አባት፣ ባለ ስድስት ክንፍ ምድራዊ መልአክ! በደብረ አስቦ ዋሻ ስምንት ጦር በዙሪያቸው ተክለው ለጸሎት ቆሙ፤ አንዲቱ እግራቸው ከቁመት ብዛት በተሰበረች ጊዜ፣ በሁለተኛይቱ ሰባት ዓመት ጸኑ። ስለዚህ ተጋድሎ ከመናገር ዝም ብሎ መስገድ ይሻላል፤ አንደበት ግን ከውዳሴ አይታገሥም። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ያችን ደብር ደብረ ሊባኖስ አሏት፤ በጻድቁ መንበር የተተኩ እጨጌዎችም የመነኮሳት ሁሉ አለቆች ሆኑ።

የጎጃሙ ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ሲቀበሉ አንተንም ተቀበሉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በ1874 በእምባቦ ቆስለው በምኒልክ ሠራዊት እጅ ወደቁ፤ በ1888 ግን ቂምን ንቀው፣ አገርን አክብረው፣ ለዐፄ ምኒልክ ክተት በዓድዋ ተገኙ። ልበ ሰፊ ንጉሥ፣ ለስሙ የተገባ አርበኛ!

በወላይታ ምድር በምናኔና በስብከት የኖሩት አባ መላኩ ወልደ ሚካኤልም፣ በ1968 ዓ.ም. በመንበረ ፓትርያርክ ሲቀመጡ ሦስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። መንበሩ ከፍ አደረጋቸው፤ እርሳቸው ግን ባዶ እግራቸውን ከመሬት አላነሡም። በ1980 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በጾም የከሳ ሥጋ፣ በጸሎት የበራ ገጽ ነበሩ።

በጥምቀትም ሆነ በአባት ስምነት ይህን ስም የምትሸከሙ ሁሉ፣ ነሐሴ 24 የጻድቁ ዕረፍት ሲታሰብ ወደ ደብረ ሊባኖስ ውጡ፤ በስማችሁ ባለቤት ደጅ ስገዱ።