የወላስማዕ ቤተሰብ ታሪክና ምንጮቹ

የይፋትን የወላስማዕ ቤተሰብ ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት፣ ነገሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ቤተሰቡ የሸዋን ሱልጣንነት ከያዘበት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1285 ሲሆን፣ የሚጨርሱትም ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ በተገደለበት በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ይህ አከፋፈል ለጸሓፊው የተመቸ ቢሆንም ለታሪኩ የተመቸ አይመስለንም።

የጉድለቱ መነሻ የምንጮቹ ጠባይ ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሰብረዲንን የሚያቀርበው በዐመፀኛነቱ ነው። ግብጻዊው አል መቅሪዚ ደግሞ መካ ሳለ ከኢትዮጵያ ሙስሊሞች የሰማውን ይዞ የቤተሰቡን ዘር ከቁረይሽ ይቈጥራል። አንደኛው ከድል አድራጊው አደባባይ፣ ሁለተኛው ከሩቅ አገር የተጻፉ በመሆናቸው ሁለቱም ጦርነቱን ያጐላሉ።

ይሁን እንጂ ራሱ አል መቅሪዚ በጥንቃቄ ሲነበብ ሌላ ነገር ይገልጻል፤ ይኸውም ዑመር ወላስማዕ ይፋትን የገዛው በንጉሡ ሹመት መሆኑን ነው። ከልጅ ልጆቹም አንዱ ወገን ከንጉሡ ሹመትን ሲቀበል፣ ዳግማዊ ሐቀዲን አጎቱን ወግቶ ይፋትን ለቀቀ። እንግዲህ ጠቡ የሃይማኖት ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት የውርስ ክርክርም ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት በሃንጋሪ ንጉሥና በኦቶማን ሱልጣን መካከል የተጨነቀውን የሰርቢያን የብራንኮቪች ቤት ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን አያደንቅም።

ቤቱም በዘይላ አላበቃም። የሰዕደዲን ልጆች ከየመን ተመልሰው ነገሡ፤ ከዘራቸውም ሱልጣን አቡበከር በ1520 መናገሻውን ወደ ሐረር አዛወረ። በይፋት ግን የአንድ ሰው መጠሪያ የነበረው ስም የሹመት ስም ሆነ። እንግሊዛዊው ሃሪስ በ1841 ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የቈላውን በር የሚጠብቀው ገዥ ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። በርግጥ የማዕርግ መቀጠል የደም መቀጠል ማስረጃ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ስም ከ500 ዓመት በላይ በአንድ አገር ሥልጣንን ሲያመለክት መኖሩ ራሱ ሊመረመር የሚገባው የታሪክ ጉዳይ ነው።

ለዚህም ምርመራ ዛሬ ከመጻሕፍት ውጭ ምስክር አለ። በ21ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፈረንሳይ የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት በሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ከደጋው ግርጌ በሚገኙት በኖራና በሌሎቹ ፍርስራሾች መስጊዶችን አጥንተዋል፤ በይፋትም የወላስማዕ ስም በዐረብኛ የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች አንብበዋል። ድንጋዩ የሚናገረው ከካይሮ ወይም ከነገሥታቱ ድንኳን ሳይሆን ከራሱ ከይፋት ነው። ከእንግዲህ ይህን ቤት በጠላቶቹና በወዳጆቹ ቃል ብቻ የሚጽፍ ተማሪ ምክንያት የለውም። ድንጋዩን ያንብብ፤ የአርጎባን ሽማግሎች ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ዜና መዋዕሉን ይክፈት።